ልባምነት፤ በጥንት ሊቃውንት ሐሳብና በኦዳ ጥላ ሥር

ስለ መንግሥትና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ የጻፉ የጥንት ሊቃውንት ሁሉ ሊያልፉት ያልቻሉት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ ሕግ ተጽፎ፣ ዳኛ ተሹሞ፣ ሠራዊትም ተሰልፎ ሳለ፣ «ዛሬ በዚህ ጕዳይ ላይ ምን ማድረግ ይገባል?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ የሚመልሰው ማን ነው? የሚል ነው። ሕግ ስለ ሁሉ በጅምላ ይናገራል፤ ጕዳይ ግን ሁልጊዜ ለየራሱ ይመጣል። በሕጉና በጕዳዩ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላውን ችሎታ ግሪኮች ፍሮኔሲስ፣ ሮማውያን ፕሩደንሲያ ብለው ሰይመውታል። አማርኛም ማስተዋል፣ አስተዋይነት፣ ልባምነት እያለ ይጠራዋል።

ቋንቋችን ይህን ችሎታ ከልብ ጋር ማያያዙ ያለ ነገር አይደለም። «ልብ በል» ማለት አስተውል ማለት ነው፤ «ልብ ገዛ» የተባለም ልጅ ከጨዋታ አልፎ ነገሩን ማመዛዘን የጀመረ ነው። በወንጌል ቤቱን በዐለት ላይ የሠራው ሰውና ለመብራታቸው ዘይት የያዙት አምስቱ ቆነጃጅት በግሪክኛው የሚመሰገኑበት ቃል፣ አርስጣጣሊስ ለአስተዋይ የመንግሥት ሰው የሰጠው ያው ቃል ነው፤ የአማርኛውም ትርጕም «ልባም» ይለዋል። ልባም ከብልጥ የሚለየውም በዚሁ ምሳሌ ይታወቃል። ብልጥ የዛሬን ትርፍ ያያል፤ ልባም ግን ዝናሙ ሳይመጣ ስለ ዝናሙ፣ ሌሊቱ ሳይጨልም ስለ ጨለማው ያስባል።

አፍላጦን ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፉ አንዲት ከተማ መልካም ናት የምትባለው ጥበብ፣ ጀግንነት፣ ራስን መግዛትና ፍትሕ ሲኖሯት ነው ብሏል። ጥበቡንም ለጥቂቶቹ ጠባቂዎች ብቻ ሰጠው። ደቀ መዝሙሩ አርስጣጣሊስ ግን በዚህ ላይ አንድ ትልቅ ልዩነት አመጣ። እርሱ እንደሚለው ስለማይለወጠው ነገር ማወቅ ሌላ ነው፤ ሊለወጥ ስለሚችለው ስለ ሰው ሥራ በትክክል መምከር ሌላ ነው። የከዋክብትን አካሄድ የሚያውቅ ሊቅ ለራሱና ለጎረቤቱ የሚበጀውን ሳያውቅ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህም እንደ ታሌስና እንደ አናክሳጎራስ ያሉት ጠቢባን ይባሉ እንጂ ልባሞች አይባሉም። ለልባምነት ምሳሌ አድርጎ የጠቀሰውም ፈላስፋ ሳይሆን የአቴናን ሕዝብ የመራውን ፔሪክሊስን ነው። ደግሞም ወጣቶች በሒሳብ ሊራቀቁ ሲችሉ በልባምነት ግን ሊራቀቁ አይችሉም፤ ልባምነት ከብዙ ነገር ልምድ ይወለዳልና፣ ልምድም ጊዜ ይፈልጋልና ብሎ አስተማረ።

በፖለቲካ መጽሐፉ ደግሞ ነገሩን ከግለሰብ ወደ ማኅበር አሻገረው። ተገዥ ዋሽንት እንደሚሠራ ሰው ነው፤ ገዥ ዋሽንት እንደሚነፋ ሰው ነው፤ የገዥም ልዩ ሀብቱ ልባምነት ነው አለ። ይሁን እንጂ ነጻ ዜጎች ባሉበት ከተማ ሰው በተራ መግዛትንም መገዛትንም ሊያውቅ ይገባል፤ ሳይታዘዝ የኖረ ሰው መልካም አዛዥ ሊሆን አይችልምና። ከዚህም ሌላ ብዙዎች ተሰብስበው የሚሰጡት ፍርድ የአንድ ብልህ ሰው ፍርድ ከሚሆን ሊሻል እንደሚችል፣ ብዙ ሰው ያዋጣው ድግስም አንዱ ብቻውን ከደገሰው እንደሚበልጥ አመለከተ።

ከሮማውያን ወገን ሲሴሮ በ44 ዓመት ቅድመ ክርስቶስ ስለ ግዴታ ለልጁ በጻፈው መጽሐፍ ማወቅን ከምግባር ምንጮች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል። በወጣትነቱ በጻፈው ስለ ንግግር ጥበብ በሚናገር መጽሐፉም ልባምነት ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ያለፈውን ማስታወስ፣ ያለውን መረዳት፣ የሚመጣውን ማየት ናቸው ብሎ ከፈለው። ይህ ሦስትዮሽ ክፍል ከዚያ ወዲህ ለብዙ መቶ ዓመታት በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ሲጠና ኖሯል።

በኢትዮጵያም ይህ ትምህርት እንግዳ አልነበረም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ የተሰበሰበው፣ በኋላም ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ዳኞችና ስለ ነገሥታት የተለዩ አንቀጾች አሉት። በ16ኛው መቶ ዓመት አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት መጽሐፈ ፈላስፋም የጥንት ጠቢባንን ምክር ለአገሩ አንባቢ አደረሰ። የእነዚህ ሁሉ ትምህርት ጠባይ አንድ ነው። ንጉሡ ይምከር፤ ዳኛው ይመርምር፤ ባለሥልጣኑ ቍጣውን ይግታ ይላሉ። የሚናገሩት ለሰውዬው ነው፤ ተስፋቸውም የተጣለው በሰውዬው ልብ ላይ ነው።

የዚህ ትምህርት ደካማ ጐን የሚታየውም በዚሁ ላይ ነው። ልባሙ ሰው ታሞ የተኛ፣ ወይም የሞተ እንደሆነስ? (በዚህ ድርሰት ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህ ስላሳሰባቸው በ1907 ሚኒስትሮችን ሾሙ። ዳሩ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ከታመሙበት ጊዜ ጀምሮ፣ በ1913 ካረፉም በኋላ፣ ልጅ ኢያሱ በ1916 ከሥልጣን እስኪወርዱ ድረስ አገሪቱ በሥጋት ውስጥ ቈየች። የአንድ ሰው ልባምነት ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን በኑዛዜ አይተላለፍም።

እንግዲህ ልባምነትን ከአንድ ሰው ልብ አውጥቶ በማኅበር ሥርዐት ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላልን? ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ለመፈለግ እስከ አቴና መሄድ አያስፈልግም። ሞያሌ ከተማ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ ለሁለት ተከፍላ የምትገኝ ናት። በኬንያ በኩል ኦዳ የሚባል ስፍራ አለ። ስሙ የዛፍ ስም ነው፤ ኦዳ በአማርኛ ሾላ የሚባለው፣ ጥላው ሰፊ የሆነ ታላቅ ዛፍ ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ኦዳ የሸንጎ ቦታ ነው፤ ኦዳ ነቤ፣ ኦዳ ሮባ፣ ኦዳ ቡሉቅ፣ ኦዳ ቢሲል የተባሉት ስሞች ይህን ይመሰክራሉ። ስለዚህ በድንበር ላይ ያለ አንድ ስፍራ ኦዳ ተብሎ ሲጠራ፣ ስሙ ራሱ ሰዎች በጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚያበስሉበትን ልማድ ያሳስባል። የዚህ አገር ሕዝብ ቦረና ነው፤ የገዳም ሥርዐት ከብዙ ቦታዎች ይልቅ ሳይቋረጥ የኖረው በቦረና ዘንድ ነው።

የገዳን ሥርዐት በዝርዝር መርምረው በ1973 እና በ2000 መጻሕፍት ያሳተሙት ሊቅ አስመሮም ለገሠ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅትም በ2016 ሥርዐቱን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ሥርዐቱ በዝርዝሩ የረቀቀ ቢሆንም መሠረቱ ግልጥ ነው። ትውልድ በየስምንት ዓመት ከደረጃ ወደ ደረጃ ይሻገራል። ልጆች ደበሌ ይባላሉ፤ ከዚያ ጋሜ፣ ኩሳ፣ ራባ፣ ዶሪ እያሉ ያድጋሉ፤ ወደ ገዳ ማዕርግ የደረሱ ጊዜ አገር ይመራሉ፤ ከዚያም ዩባ ሆነው ይመክራሉ፤ በመጨረሻም ገዳሞጂ ሆነው ከሥራ ያርፋሉ። የአንድ ሰው ቦታ በአባቱ ቦታ ይወሰናል፤ በአባትና በልጅ መካከል ዘወትር የ40 ዓመት ርቀት አለ። ስለዚህም ልጅ የአባቱን ሥልጣን ወዲያው ሊወርስ አይችልም፤ በመካከላቸው ሌሎች አራት ጭፍሮች በየተራቸው ያልፋሉ።

ይህን ሥርዐት ከጥንት ሊቃውንት ትምህርት ጋር ያስተያየ ሰው ሦስት ነገሮችን ያስተውላል። የመጀመሪያው ስለ ጊዜ ነው። አርስጣጣሊስ ልባምነት ከልምድ ይወለዳል አለ፤ ቦረና ደግሞ ልምዱን ግዴታ አደረገው። የወደፊቱ መሪዎች የሚመረጡት ሥልጣን ከሚረከቡበት ቀን ዓመታት አስቀድሞ ነው። በእነዚያ ዓመታት እየታዘዙ፣ እየተፈተኑ፣ ሽማግሌዎችን እየሰሙ ይኖራሉ። የተመረጠ ሁሉ ወዲያው አይሾምም፤ የተሾመም ሁሉ ለዘላለም አይቀመጥም። ስምንቱ ዓመት ሲፈጸም አባ ገዳው ሥልጣኑን ለተተኪው ያስረክባል። ተራ በተራ መግዛትና መገዛት በአቴና የፈላስፋ ምክር ነበር፤ በቦረና ግን የዘመን አቈጣጠር ሆነ።

ሁለተኛው ስለ ምክር ነው። በየስምንት ዓመቱ፣ በአንዱ ገዳ ዘመን አጋማሽ ገደማ፣ የቦረና ሕዝብ ጉሚ ጋዮ በሚባለው ታላቅ ጉባኤ ይሰበሰባል። ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሁሉ ይመጣሉ። ጉባኤው በምርቃት ይከፈታል፤ ሕግ ይመረመራል፤ ያረጀው ይታደሳል፤ አዲስ ነገር የመጣ እንደሆነም አዲስ ደንብ ይደነገጋል። ነገሩ የሚቈረጠው እጅ በመቍጠር ሳይሆን ተቃዋሚው እስኪረካ ወይም እስኪለዝብ ድረስ በመነጋገር ነው። ይህ ጉባኤ ከአባ ገዳውም በላይ ነው፤ ያጠፋውን መሪ ቡቂሱ በሚባለው ደንብ ሊሽረው ይችላል። ቡቂሱ ማለት መንቀል ማለት ነው። ቃሉ የጠነከረ ነው፤ መኖሩ ግን መንቀሉን ብርቅ ያደርገዋል፤ ሊነቀል እንደሚችል የሚያውቅ መሪ ሥሩን በሕዝቡ ውስጥ ለመስደድ ይተጋልና። በ1996 የተደረገው ጉሚ ጋዮ በጽሑፍ ስለ ተመዘገበ፣ ዛሬ ይህን አሠራር ለማጥናት የሚሻ መምህር በወሬ ብቻ አይወሰንም።

ሦስተኛው ስለ ማስታወስ ነው። ሲሴሮ የልባምነትን መጀመሪያ ያለፈውን ማስታወስ አደረገው። የቦረና ሽማግሌዎች ያለፉትን አባ ገዳዎች ስም በተራ እየጠሩ፣ በእያንዳንዱ ዘመን የሆነውን ድርቅ፣ ጦርነት፣ የከብት በሽታና ዕርቅ ያወራሉ። ዘመኖቹም በሚዞሩ ሰባት ስሞች ይታወቃሉ፤ ቀድሞ በተመሳሳይ ዘመን የደረሰው መልሶ ሊደርስ ይችላል የሚለው እምነት ዳቺ ይባላል። ዛሬ የሚኖር ሰው ይህን እምነት ቃል በቃል ላይቀበለው ይችላል። ሆኖም ማኅበራዊ ጥቅሙን መካድ አይቻልም። ድርቅ ሊመለስ ይችላል ብሎ የሚያምን ሕዝብ ሣሩን በአንድ ክረምት አይጨርስም። ታሪክ ለእርሱ የበዓል ንግግር ማሳመሪያ አይደለም፤ የሚመጣውን መጠበቂያ እንጂ።

የዚህ ሁሉ ፍሬ የሚታየው በውሃ ላይ ነው። የቦረና ምድር ቆላና ደረቅ ነው። ሕዝቡና ከብቱ በበጋ የሚተርፉት በጥልቅ ጕድጓዶች ነው፤ ከእነዚህም ዘጠኙ ታላላቆች ቱላ ይባላሉ፤ ዱብሉቅና ዌብ ከነዚሁ ውስጥ ናቸው። ውሃው የሚወጣው ሰዎች በጕድጓዱ ውስጥ ከታች እስከ ላይ በመደዳ ቆመው፣ እየዘፈኑ ማቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ በመቀባበል ነው። ለእያንዳንዱ ጕድጓድ መጀመሪያ ከቈፈረው ሰው የሚወረስ መብት አለ፤ ይኸውም ኮንፊ ይባላል። ነገር ግን ባለመብቱ ብቻውን አያዝዝም፤ የዕለቱን ተራ የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው ይሾማል፤ ክርክር የተነሣ እንደሆነም የጕድጓዱ ሸንጎ ይቀመጣል። አንድ ሰው ተራውን ቢያልፍ የሚጠፋው የአንድ ቀን ውሃ ብቻ አይደለም፤ ተራው ይፈርሳል፤ ተራው ከፈረሰም ጦር ይነሣል። ስለዚህ ልባምነት በዚህ ምድር የመጽሐፍ ጌጥ ሳይሆን የሕይወትና የሞት ጕዳይ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በጕድጓዱ አፍ ላይ የቸኮለ ግን ያፈሰሰውን እንኳ ለመልቀም አይችልም።

ይህን ሥርዐት ከውጭ ሆኖ በመጀመሪያ በጽሑፍ የገለጠው አባ ባሕርይ የተባለው የጋሞ ሰው ነው። በ1593 በግዕዝ በጻፈው አጭር ታሪክ የኦሮሞን መስፋፋት ከነሉባ ዘመኑ ተረከ። አባ ባሕርይ ወዳጅ ሆኖ አልጻፈም፤ አገሩ ተወርሮበት ነበርና። ይሁን እንጂ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ የልባም ሰው ጥያቄ አነሣ። ብዙ ሠራዊት ያለን እኛ ስለ ምን ተሸነፍን? ብሎ ጠየቀ። መልሱንም ከራሱ ወገን ኑሮ ውስጥ ፈለገው፤ ሕዝቡን በዐሥር ክፍል ከፍሎ፣ ለውጊያ የሚወጣው አንዱ ክፍል ብቻ መሆኑን አሳየ። በጠላት ላይ ከመፍረድ በፊት ራስን መመርመር፣ የጠላትንም ሥርዐት በትክክል መዘገብ፣ ይህ በታሪክ ጸሐፊ ዘንድ ያለ ልባምነት ነው።

ዳሩ ግን ማንኛውንም ሥርዐት ያለ ነቀፋ ማወደስ የታሪክ ሥራ አይደለም። ሴቶች በገዳ ማዕርግ ሥልጣን አልነበራቸውም። ልባምነቱም ወሰን ነበረው፤ የቦረና ሰላም የሚባለው በቦረና መካከል የጸና ሲሆን ከወሰኑ ውጭ ያለው ግን ብዙ ጊዜ በጦር ይፈተን ነበር። በ1907 ኢትዮጵያና እንግሊዝ ስለ ድንበሩ ተዋዋሉ፤ በ1970 ደግሞ ኢትዮጵያና ኬንያ በውል አጸኑት። መስመሩ በካርታ ላይ የተሰመረ ነው፤ ዝናም ግን መስመር አያውቅም፤ ዝናሙን የሚከተል ከብትም እንዲሁ። አንዱ ሕዝብ የሁለት መንግሥታት ዜጋ ሆነ። የመሣሪያም መብዛት የሽማግሌውን ቃል አደከመው።

የዚህ ድካም ዋጋ በሐምሌ 2005 ታየ። በኬንያ በማርሳቢት አካባቢ በምትገኘው ቱርቢ በቦረናና በገብራ መካከል የነበረው ጠብ ወደ እልቂት ደረሰ፤ ከተገደሉት መካከል በማለዳ ወደ ትምህርት ቤት የመጡ ብዙ ሕፃናት ነበሩ። ይህን የሚሰማ መምህር ሁሉ ልቡ ይደማል። የልባምነት ተቃራኒ ድንቍርና ብቻ እንዳልሆነ የሚያስተምር ነውና። በቀልን ያሰበው ሰው የከብቱን ቍጥር፣ የመንገዱን ርቀት፣ የሰዓቱን ምቹነት ያውቃል፤ የማያውቀው ነገሩ ነገ ወዴት እንደሚያደርስ ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚያ አላበቃም። በ2009 የሁለቱ ሕዝቦች ሽማግሌዎች በማይኮና ተስማሙ። ለነፍስ፣ ለቍስል፣ ለተሰረቀ ከብት የሚከፈለውን ካሳ አስቀድመው ወሰኑ። አስቀድመው መወሰናቸው የነገሩ ቍልፍ ነው። ደም ከፈሰሰ በኋላ ካሳ ስንት ይሁን ብሎ መከራከር ቍጣን ያነሣሣል፤ ደም ሳይፈስ የተወሰነ ካሳ ግን ቍጣው በተነሣ ጊዜ የሚሄድበትን መንገድ ጠርጎ ይጠብቀዋል። ሽማግሌዎቹ የቦረናን ሰላም ከቦረና ወሰን አሳለፉት። የሲሴሮ ሦስት ክፍሎች በዚህ ስምምነት ውስጥ ይገኛሉ፤ ቱርቢን አስታወሱ፤ የዕለቱን ጠብ ተረዱ፤ የሚመጣውን በቀል አስቀድመው አዩ።

ከዚህ ሁሉ ለትምህርት ቤት የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። ትምህርት ቤት በባሕርዩ የሚያስተምረው የማይለወጠውን ነው፤ ሒሳቡን፣ ሰዋስውን፣ የምድርን ቅርጽ። በአርስጣጣሊስ አነጋገር ይህ ወደ ጥበብ የሚያደርስ መንገድ ነው፤ ልባምነትን ግን ብቻውን አይወልድም። በሰባት ዓመት ውስጥ ብዙ ቍጥር የደመረ ተማሪ አንድ ጊዜ እንኳ ሸንጎ ተቀምጦ፣ ተራ ጠብቆ፣ የባላጋራውን ነገር እስከ መጨረሻው ሰምቶ ሳይፈርድ ሊወጣ ይችላል። የቦረና ልጅ ግን ከጋሜነት ጀምሮ የሚማረው ይህንኑ ነው። መማሪያው ጥቍር ሰሌዳ ሳይሆን ተራው ነው፤ መምህሩም በየደረጃው ከእርሱ የሚቀድመው ትውልድ ነው።

ስለዚህ የታሪክ መምህር የፔሪክሊስን ስም ሲያስተምር የአባ ሄሬጋንም ሥራ ቢያስተምር፣ የአቴናን ሸንጎ ሲገልጥ የጉሚ ጋዮንም ቢገልጥ፣ ተማሪው ሁለቱንም በተሻለ ይረዳል። የትምህርት ቤት ሹምም በትምህርት ቤቱ ውስጥ የተማሪዎች ሸንጎ ሲያቋቋም፣ አለቃው በዘመን የሚወርድበት፣ ያጠፋም የሚጠየቅበት፣ ከመሾሙ በፊትም የሚታዘዝበት ደንብ ቢያወጣለት፣ ስለ ልባምነት ብዙ ስብከት ከማድረግ ይልቅ ይጠቅማል። የጥንት ሊቃውንት ልባምነት ምን እንደ ሆነ በቃል ነገሩን። በኦዳ ጥላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ ልባምነት የት እንደሚቀመጥ አሳዩን። በአንድ ታላቅ ሰው ልብ ብቻ የተቀመጠ ከእርሱ ጋር ይቀበራል፤ በተራ፣ በምክርና በትዝታ የተቀመጠ ግን አባት ሲያልፍ ለልጅ ይቀራል።